መገናኛ ላይ ፔስት የሚቀይር ፍለጋ

ለሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሰንብቼ ሜሪላንድ ከተመለስኩ አሥር ቀኔ ነው። ከመሄዴ በፊት አገር ቤት ስላለው አገልግሎት ሰው የጻፈውን ሳስስ ነበር። ሁሉም ስለ ሆቴልና ስለ ክትፎ ነው። ኮምፒዩተር የት ቢጠገን እንደሚሻል የጻፈ አንድም ሰው አጣሁ። እንግዲያው እኔ ልጻፍ።

ሌላውን በአጭሩ ላሳልፈው። በአፕ የሚጠራው ታክሲ ይመጣል፣ ግን ሹፌሩ መጀመሪያ ደውሎ «ከምን ጎን ነዎት?» ማለቱ አይቀርም፤ የሕንጻ ስም ያዙ። ቴሌብር ብር ከመቁጠር ገላግሎኛል። የሰፈራችን ጸጉር ቤት ደግሞ ከቆረጠኝ በኋላ አናቴንና ትከሻዬን አሽቶ ትኩስ ፎጣ ጣል ሲያደርግብኝ እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የወንድሜ ልጅ አርክቴክቸር ይማራል። ኮምፒዩተሩን የሠራነው በሰው እጅ እየተላከ ነው፤ አንድ ዓመት ራም፣ አንድ ዓመት የግራፊክስ ካርድ። ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ሒሳቡን ሁሉ የሚሠራው ዋናው ቺፕ፣ በፈረንጅ 2018 የወጣው ራይዘን 5 2600 ነው። ልጁ ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለትም የሕንጻ ንድፉን ወደ ምስል ሲለውጥ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ሙቀቱ 95 ዲግሪ ሲደርስ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያኔ ሥራው ይንቀራፈፋል፣ ልጁም ይበሳጫል።

ዘንድሮ ያገለገለ ራይዘን 5 5600 ገዝቼ በእጅ ሻንጣዬ ያዝኩለት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ያው የፕሮሰሰር መሰኪያ (ሶኬት) ላይ ይገባል። ፋን፣ ማለትም ከነአልሙኒየም ክንፎቹ ያለውን ማቀዝቀዣ፣ ግን አብሬ አልገዛሁም። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች የ65 ዋት ናቸው፣ ፋኑ የሚያበርደው ሙቀት ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። ከካርቶናቸው ጋር የሚመጣው ፋንም አንድ ዓይነት ነው፣ ሬይዝ ስቴልዝ የሚባለው። ያለው እያለ ለምን ሌላ ብረት እሸከማለሁ? በፕሮሰሰሩና በፋኑ መሃል የሚቀባው ፔስት አዲስ አበባ አይጠፋም ብዬ እሱንም ተውኩት።

መጀመሪያ የሄድነው ልጁ የሚያውቀው ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። ባንኮኒው ላይ ያለው ወጣት ኬዙን ከፍቶ ገና ሳይነካው «ይሄ ፋን ለአዲሱ ፕሮሰሰር አይሆንም» አለ። ከመደርደሪያው በሰባት ቀለም የሚያበራ አወረደ። 6,500 ብር። ዋቱ እኩል እንደሆነ ስነግረው ፊቱ ትንሽ ጠቆረ። «እሺ፣ እንግዲያው ፔስት እንጨምርበት» አለኝ።

ጨምርበት ያለው ነገር ነው ያስደነገጠኝ። አሮጌውን ሳይጠርግ በላዩ ላይ ሊቀባ ነው! አንድ ቆርቆሮ ቤንዚንም አጠገቡ ነበር፣ «ለቦርዱ ማጽጃ» ነው አለ። ኬዙን ዘግቼ ተሸክሜ ወጣሁ። የወንድሜ ልጅ ሰው ፊት ስላሳፈርኩት እስከ ታክሲው ድረስ አላናገረኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ላብራራ፤ ፔስትን እንደ ማጣበቂያ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ማጣበቅ አይደለም። የፕሮሰሰሩ ክዳንና የፋኑ አልሙኒየም ለዓይን ልሙጥ ይምሰሉ እንጂ ጭረትና ጉድጓድ አላቸው። ሲገናኙ በመሃል አየር ይቀራል። አየር ደግሞ ሙቀት እምብዛም አያሳልፍም፣ ብርድ ልብስ እንደማለት ነው። ፔስቱ ያንን ጉድጓድ ሞልቶ አየሩን ያስወጣል። ከአየር ጋር ሲወዳደር ከመቶ እጥፍ በላይ ሙቀት ያሳልፋል። ከአልሙኒየም ጋር ሲወዳደር ግን ምስኪን ነው። ስለዚህ ሲበዛ ራሱ ግድግዳ ይሆናል። በደረቀው ላይ አዲስ መቀባትማ የተቃጠለ ምጣድ ላይ ሊጥ እንደማፍሰስ ነው።

በማግስቱ የእህቴ ጎረቤት የጠቆመን መገናኛ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ጀርባ ያለች ሱቅ ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል። ባለሙያው ወደ ሃምሳ ይጠጋል፣ መነጽሩን በክር አንጠልጥሏል። መጀመሪያ የጠየቀኝ ነገር ሰውየውን አስወደደኝ። «ባዮሱ ታድሷል?»

አልታደሰም። ባዮስ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ውስጥ ተቀምጦ ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። የልጁ ማዘርቦርድ የድሮ ስለሆነ አዲሱን ፕሮሰሰር የሚያውቀው ባዮሱ ከታደሰ በኋላ ነው፤ እድሳቱም አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል መሠራት አለበት። ቤት ያልሞከርኩት ፈርቼ ነው። ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል፣ በነዚያ ደቂቃዎች መብራት ከሄደ ግን ቦርዱ ሬሳ ሊሆን ይችላል። ሰውየው በእግሩ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጠቆመኝ። መብራት ሲሄድ በባትሪው የሚያቆይ ትልቅ ዩፒኤስ ተቀምጧል። «ይሄ ባይኖር እኔም አልነካውም ነበር» አለ።

ባዮሱ ሲያልቅ ወዲያው ይፈታል ብዬ ስጠብቅ ኮምፒዩተሩን ከባድ ሥራ አስጀምሮት ቡና አዘዘልን። አሥር ደቂቃ ያህል አስጨነቀው። ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፣ ልጁ ግን አልገባውም። ባለሙያው በትዕግሥት አስረዳው፦ ፔስቱ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በዚህ ሶኬት ፕሮሰሰሩ ላይ 1,331 ቀጫጭን እግሮች አሉ። በደረቀ ፔስት የተያዘ ፋን ሽቅብ ከተሳበ ፕሮሰሰሩን ከተቆለፈው ሶኬት መንጭቆ ይዞት ይወጣል። እግሮቹም ይጣመማሉ።

አጥፍቶ ገመዱን ነቀለ። አራቱን ብሎን በአንዴ አልፈታም፤ አንዱን ትንሽ፣ ከዚያ በማዶ በኩል ያለውን ትንሽ፣ እንዲህ በመስቀል እያዞረ። ከዚያ ፋኑን ይዞ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ እንደያዘ ልጅ፣ ቀስ እያለ ግራና ቀኝ አዟዟረው። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ። ለቀቅ ብሎ ብቻውን መጣ።

ከሥሩ ያለው ፔስት በበጋ እንደተሰነጣጠቀ የማሳ ጭቃ ሆኗል። ከላይ፣ በአልሙኒየሙ ክንፎች መሃል፣ አቧራው እንደ ፍራሽ ጥጥ ተጋግሯል። ሰፈራችን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈርስና ሲሠራ ኖሯል፣ ምን ይገርማል። ብሎወሩን ይዞ በረንዳ ወጣ። ሲነፋው የፋኑን ምላጭ በጣቱ ይዞታል፤ በንፋሱ ያለልክ እንዳይሽከረከርና እንዳይጎዳ።

ማጽጃው የፋርማሲ አልኮል ነበር። ሶፍት አልተጠቀመም፣ ብናኝ ይተዋል ብሎ። ከአሮጌ ካናቴራ የተቀደደ ጨርቅ ነው የያዘው። የፋኑን ሥር አራት ጊዜ ጠረገ። ጨርቁ ግራጫ ወጣ፣ ቀጥሎ ፈዘዘ፣ በመጨረሻ ነጭ ሆኖ ተመለሰ። አልሙኒየሙ ውስጥ የራሴን አፍንጫ አየሁ። አዲሱ ፕሮሰሰር ላይም፣ ሜሪላንድ ስሞክረው የቀባሁት ቅሪት ስለነበር፣ ያንኑ ደገመ። አልኮሉ እስኪተን ጠበቀና የአተር ፍሬ የምታህል ፔስት መሃል ላይ ጣለ። ልጁ «በጣም ትንሽ አይደለም?» ሲል «ፋኑ ራሱ ይዘረጋዋል» ብሎ ዝም አሰኘው። ብሎኖቹን ያው በመስቀል እያፈራረቀ አጠበቀ።

ሒሳቡ ፔስቱን ጨምሮ 700 ብር። ባዮሱን አልቆጠረውም። ስጨምርለት እምቢ አለ፣ ከዚያ ተቀበለ፤ ሥርዓቱ እንዲህ ነው።

ማታ ቤት ሆነን ልጁ አንድ ሕንጻ ሬንደር ሲያደርግ ሙቀቱን አፍጥጠን ተመለከትን። 79 ላይ ቆመ። እኔ ሜሪላንድ በዚያው ዓይነት ፋን ስሞክረው 74 ነበር። መጀመሪያ ሰውየውን ጠረጠርኩት፣ አሁን አፍራለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው፣ ይዞት የሚሄደው ሙቀትም እንዲሁ። ደረጃ ስወጣ እኔም ያለከለክኩት በዚሁ አየር ነው። 79 ለዚህ ፕሮሰሰር ምንም አይደለም፣ ጣሪያው 90 ነው።

ቅሬታ ካለኝ ሁለት ነው። ሱቋ ወንበር የላትም፣ ሁለት ሰዓት ቆሜያለሁ። ፔስቱም ስም የሌለው ግራጫ ነው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ መቀየሩ አይቀርም። ይህንንም ሰውየው ራሱ ነው የነገረኝ፣ ሳልጠይቀው። ጥሩውን ዓይነት አንዳንዴ ያገኛል፣ ግን ካርቶኑ ኦሪጅናል ሆኖ ውስጡ ፎርጅድ የሆነ ብዙ ገጥሞታል።

ስንሰናበት እስከ ደረጃው ሸኘኝ። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሲመጡ ከዚያ ከደህናው አንድ ቱቦ ይዘውልኝ ይምጡ፤ ሒሳቡን እከፍላለሁ» አለኝ። የዘንድሮ የትዕዛዝ ዝርዝሬ ላይ ሁለት ስልክ፣ አንድ የሙሽራ ጫማ፣ ለአክስቴ የደም ግፊት መለኪያና ለሰፈሩ ቡድን አሥራ አንድ ማልያ አለ። የእሱ 4 ግራም ነው። መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነው።