ምስጋናና ጥቆማ፦ በክሩዝ ሄዳችሁ ሮምን ለማየት ላሰባችሁ

የክሩዝ ፕሮግራም ላይ «ሮም» ተብሎ ቢጻፍም መርከቡ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ወደብ ነው። ከዚያ ሮም መሃል ለመድረስ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር መንገድ አለ። ወላጆቻችንንና እንግዶቻችንን ጠዋት ከወደብ ተቀብሎ፣ ሮምን አሳይቶ፣ ማታ ሳይጨነቁ መርከባቸው ላይ ለሚያደርስልን ወንድማችን ምስጋናችን የላቀ ነው። እዚያው ሮም የሚኖር ሐበሻ ሹፌር ነው። ስሙን በአደባባይ እንዳንጽፍ ስለጠየቀን የሚፈልገው በውስጥ መስመር ይጻፍልን። መርከቡ ራሱ የሚሸጠውን ጉብኝት ትታችሁ የግል ሹፌር መያዝ የሚያዋጣው መቼ እንደሆነ፣ የማያዋጣው ደግሞ መቼ እንደሆነ ግን እዚሁ እንጻፈው።

የመርከቡ ጉብኝት ውድ ነው፤ አውቶብሱም ሰው ይበዛበታል። አንድ ትልቅ ጥቅም ግን አለው። አውቶብሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ካልቻለም እስከሚቀጥለው ወደብ የሚያደርሳችሁ ድርጅቱ ነው። በግላችሁ ወጥታችሁ ካረፈዳችሁ ግን ማንም አይጠብቃችሁም። የባቡሩም፣ የአውሮፕላኑም፣ የሆቴሉም ወጪ የእናንተው ነው። ስለዚህ የግል ሹፌር ስታነጋግሩ ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት ስንት ሰዓት ላይ እንደሚመልሳችሁ ነው። «አታስቡ፣ እንደርሳለን» ብሎ የሚመልስ ሹፌር ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

የእኛ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ከመጨረሻው ተነስቶ ነው። (ሰዓቱን እንደ ፈረንጅ እንጽፈዋለን፤ መርከቡም ቲኬቱም በዚያ ነው።) መርከቡ 19፡00 የሚነሳ ከሆነ ተሳፋሪው ገብቶ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ 18፡30 ነው። እሱ ወደብ የሚደርሰው 17፡00 ላይ እንዲሆን አድርጎ ያቅዳል፤ ለዚያም ከሮም 15፡15 ይነሳል። መንገዱ ሲቀና ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ሲጨናነቅ ግን አንድ ሰዓት ተኩልም ከዚያም በላይ ይሄዳል። ኤ12 የሚባለው ፈጣን መንገድ በአደጋ ከተዘጋ በባሕሩ ዳር በሚሄደው በአሮጌው ቪያ አውሬሊያ ይዞራል። ሁለቱም አልሆን ካሉ ሳን ፒዬትሮ ባቡር ጣቢያ አውርዶ በባቡር ይልካችኋል። ይህን ሁሉ አስቀድሞ በጽሑፍ ይልካል።

ለአዛውንቶች የመገናኛ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፋል፦ «11፡00፣ በሐበሻ 5 ሰዓት»። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ የመጣች እናት የእጅ ሰዓቷ በኢትዮጵያ ሰዓት ነው፤ ያ ደግሞ በአውሮፓ በጋ ከጣሊያን አንድ ሰዓት ይቀድማል። መርከቡም ከግሪክ ሲመጣ ሌሊት ሰዓቱን አንድ ወደኋላ ይመልሳል። ሦስት ሰው ሦስት ሰዓት ይዞ ሊወርድ ይችላል ማለት ነው። ጠዋት ከመውረዳችሁ በፊት ሁላችሁም በመርከቡ ሰዓት አስተካክሉ።

ብዙ ሰው የሚጠፋፋው ወደብ ላይ ነው። ወደቡ ሰፊ ስለሆነ በእግር አይወጣም። ነጻው አውቶብስ መንገደኛውን ላርጎ ዴላ ፓቼ የሚባለው የወደቡ አውቶብስ ማቆሚያ ያወርደዋል፤ አንዳንድ ሹፌር ደግሞ መርከቡ ሥር ድረስ ገብቶ ይጠብቃል። «ወደብ ላይ እንገናኝ» ከተባለ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ቆሞ ሰዓቱ ያልቃል። እሱ የሚቆምበትን ቦታ፣ የመኪናውን ፎቶና ታርጋውን ከዋዜማው ይልካል። መርከብ ላይ ኢንተርኔት ስለማይታመን መልእክቱን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። የፓስፖርታችሁን ኮፒና በመርከቡ ዕለታዊ ወረቀት ላይ ያለውን የወደብ ወኪል ስልክም ያዙ።

ፈቃድ ጠይቁ። ጣሊያን ውስጥ ከነሹፌሩ ለሚከራይ መኪና፣ በምህጻር ኤን ሲ ሲ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለዚያ በዘመድ መኪና የሚያዞራችሁ ሰው መሃል ከተማ ባለው የተከለከለ ቀጠና ቅጣት ይቀበላል፤ ችግር ቢደርስ ደግሞ ኢንሹራንሱ ላይከፍል ይችላል። ሹፌርና አስጎብኚም አንድ አይደሉም። ሹፌር መኪና ውስጥ የፈለገውን ቢያስረዳም ኮሎሴዎ ወይም ቫቲካን ሙዚየም ገብቶ ለማስጎብኘት የአስጎብኚ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የእኛ ሰው በር ላይ ያደርሳል፣ ከተፈለገ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ለብቻ ያገናኛል፣ ክፍያውንም ለይቶ ይናገራል። ይህን ግልጽነቱን እንወድለታለን።

ቲኬት አይገዛላችሁም፤ ራሳችሁ ኢንተርኔት ላይ ግዙ። የኮሎሴዎ ቲኬት ስም ያለበትና ሰዓት የተወሰነለት ስለሆነ ስሙ ከፓስፖርቱ ጋር ይመሳሰል። «ገብረ ሥላሴ» በቲኬቱ ተያይዞ፣ በፓስፖርቱ ተለያይቶ ከተጻፈ በር ላይ ክርክር ነው። የመግቢያውን ሰዓት ከ10፡30 በፊት አታድርጉት፤ ከመርከብ መውረዱና መንገዱ ጠዋቱን ይበሉታል። የቫቲካን ሙዚየም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በስተቀር እሑድ ዝግ ነው። በዚያች እሑድ መግቢያው ነጻ ስለሆነ ሰልፉ አያድርስ ነው። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ የሚቀበሉ ከሆነ የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ይዘጋል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ ለእናቶች ነጠላው ይበቃል።

የመርከቡ አውቶብስ የማይቆምባቸው፣ ለሐበሻ ግን ትልቅ ትርጉም ያላቸው ቦታዎች አሉ። ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ከኮሎሴዎ ብዙም አይርቅም። በ1937 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ እንጽፋለን) የተወሰደው 24 ሜትሩ የአክሱም ሐውልት ከ60 ዓመት በላይ የቆመው እዚያ ነው፤ ፊት ለፊቱ ያለው የዛሬው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት) ሕንፃ የተጀመረው ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ ነበር። ሐውልቱ በ2005 በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭኖ አክሱም ገባ፤ በ2008 ተተክሎ ተመረቀ። አባቶች መኪናው ሲቆም «የቱ ጋ ነበር?» ብለው ይወርዳሉ፤ 15 ደቂቃ ያዙላቸው። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ደግሞ የዶጋሊ መታሰቢያ አለ። ራስ አሉላ በ1887 ለደመሰሷቸው የጣሊያን ወታደሮች የቆመ ነው፤ የጣቢያው አደባባይም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ የሚባለው በእነሱ ነው። ዛሬ ለገሃር ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በወረራው ዘመን ተወስዶ የቆመው እዚህ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ ጎራዴውን የመዘዘውም እዚሁ ነው። ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሽ ቤተ ክርስቲያን ግን ከቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ ከባሲሊካው ጀርባ ስለሆነ በመኪና ደርሶ የሚገባበት አይደለም። በ1548 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ማሳተም የጀመሩት አባ ተስፋ ጽዮን የኖሩት እዚያ ነው። ሹፌሩ «አስገባችኋለሁ» ብሎ ቃል አይገባም፤ ሌላው ቢገባም አትመኑት።

ረቡዕና ዓርብ ላይ ከዋላችሁ ምሳው አያሳስብም። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለበትም። ፓስታ ካዘዛችሁ ግን አይብ ከላይ እንዳይነሰንስ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ዋጋውን ስታወዳድሩ የመርከቡ በነፍስ ወከፍ፣ የሹፌሩ በመኪና መሆኑን አትርሱ። ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ለሆነ ቤተሰብ መኪናው ብዙ ጊዜ ያዋጣል፤ ለሁለት ሰው አያዋጣም። ሁለት ከሆናችሁና እግራችሁ ጠንካራ ከሆነ የክልሉ ባቡር በሰው 5 ዩሮ አካባቢ ነው፤ ሳን ፒዬትሮ ድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም። የወረቀት ቲኬቱን ሳትሳፈሩ ጣቢያው ባለው ማሽን ማኅተም አስመቱት፤ የባቡር አድማ አለመኖሩንም ከዋዜማው አጣሩ። ከሹፌር ጋር ስትስማሙ የመንገድ ክፍያ፣ ፓርኪንግና ተጨማሪ ሰዓት በዋጋው ውስጥ መኖራቸውን ጠይቁ። ቀብድ ከሰጣችሁ «መርከቡ ወደቡን ከዘለለ ይመለሳል» የሚል ቃል በጽሑፍ ተቀበሉ። የአየር ጠባይ ሲከፋ መርከብ ወደብ ይዘላል፤ የመርከቡን ጉብኝት የገዛ ገንዘቡ ይመለስለታል፣ የግሉ ግን እንደ ስምምነታችሁ ነው። የእኛ ሰው ቀብድ ይመልሳል።

የመርከቡን ጉብኝት ግዙ የምንላችሁ መርከቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ብቻችሁን ከሆናችሁ፣ ወይም የማርፈድ ጭንቀት ቀኑን የሚያበላሽባችሁ ሰዎች ከሆናችሁ ነው። እንደ ሳንቶሪኒ መርከቡ ባሕር ላይ ቆሞ በትናንሽ ጀልባ በሚወርድበት ቦታም እንዲሁ። መጀመሪያ የሚወርዱት የመርከቡን ጉብኝት የገዙት ናቸው፤ ሌላው ገደሉ ሥር የገመድ መኪናውን ሰልፍ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ሹፌርም መርከብም አይፈታውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአሜሪካ ግሪን ካርድ ቢኖረውም የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ መርከቡ ቱርክ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆን አለበት።

በውስጥ መስመር ስትጽፉልን የመርከቡን ስም፣ የሚገባበትን ቀን፣ የመግቢያና የመነሻ ሰዓቱን፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ዊልቸር ወይም የሕፃን ወንበር ያስፈልግ እንደሆነ፣ የተገዛ ቲኬት ካለም ሰዓቱን አብራችሁ ላኩ። ከግንቦት እስከ መስከረም ቀኖቹ ቶሎ ስለሚያዙ ቀድማችሁ ጻፉ።