«2 ቴራባይት» ተብሎ ስለሚሸጠው ባለ 400 ፊልም ፍላሽ፦ ለደሴና አካባቢዋ የፊልም ወዳጆች ማስጠንቀቂያ

ባለፈው ወር መጨረሻ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፊልም ከሚጭኑ ሱቆች በአንዱ፣ ጀርባው ላይ «2 ቴራባይት» የሚል የታተመበትንና 400 ፊልሞች ፎርኬ (4K) በሚባለው እጅግ የጠራ የሥዕል ጥራት ተጭነውበታል የተባለልኝን ፍላሽ በ2,600 ብር ገዛሁ። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ ይህንኑ የመሰለ ፍላሽ ኮምቦልቻ ውስጥም ገዝተው የተቸገሩ ሁለት ወዳጆች ስላሉኝ ነገሩ የአንድ ሱቅ ጉዳይ አይመስለኝም። ብሩ አናዶኛል፤ ከብሩ ይልቅ ያናደደኝ ግን ፍላሹ ሁለት ሳምንት ሙሉ በደህና ፊልሞች ላይ ያለ ጥፋታቸው እንድፈርድ ማድረጉ ነው።

መጀመሪያ የከፈትኩት ስለ አቶም ቦምብ ሠሪው የፊዚክስ ሊቅ የሚተርከውን የክሪስቶፈር ኖላንን «ኦፐንሃይመር» ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ይህ የ3 ሰዓት ፊልም በቀጣዩ ዓመት 7 የኦስካር ሽልማቶችን ወስዷል። ታሪኩ የሚተረከው በሁለት ወገን ሲሆን፣ በቀለም የተሠራው ክፍል ነገሩን በራሱ በኦፐንሃይመር ዓይን ያሳያል፤ በጥቁርና ነጭ የተሠራው ደግሞ የባላንጣውን የሉዊስ ስትራውስን ወገን ይከተላል። ተመልካቹ የማንን ነገር እየሰማ እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ልዩነት ነው። በእኔ ፍላሽ ላይ ያለው ቅጂ ግን ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ከመጋረጃው ላይ በካሜራ የተቀዳ በመሆኑ፣ ቀለሙ ገርጥቶ አመድ ስለመሰለ ሁለቱን ወገኖች መለየት አልቻልኩም፤ በማግሥቱም ለጓደኞቼ «ዳይሬክተሩ ተመልካቹን ግራ ማጋባት ጥበብ መስሎታል» ብዬ በድፍረት ተናገርኩ። የቦምቡ ሙከራ ሲደርስ ፊልሙ ሆን ብሎ ጸጥ ይላል፤ ብርሃኑ ቀድሞ ይታያል፣ ድምፁ ግን ዘግይቶ ይመጣል፣ በእውነቱም ዓለም ከሩቅ ለሚያይ ሰው እንደዚያ ነውና። እኔ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሰማሁት በማላውቀው አገር አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ሲያስል ነበር።

ከዚያ ወደ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» አለፍኩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ያገኘውን ይህን ፊልም ከዓመታት በፊት አይቼው ስለነበር ቅጂው ምን እንዳጎደለበት ወዲያው ገባኝ። በጀርመን የተማረው አንበርብር ወደ ትውልድ መንደሩ ከተመለሰ በኋላ ትዝታው እየተቆራረጠ ነው የሚመጣለት፤ አንዴ ጀርመን፣ አንዴ የደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ አንዴ ልጅነቱ። ፊልሙ ሰውዬው የጠፋበትን እንዲያስታውስ እኛም አብረነው እንድንለቅም ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከመካከሉ 10 ደቂቃ እንኳ ቢጎድል የሚጎድለው የአንበርብር አእምሮ ክፍል ነው። የእኔ ቅጂ ሃምሳኛው ደቂቃ አካባቢ ቆመ። ወደፊት ባስኬደውም ሥዕሉ በአረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ተበጣጥሶ ከመቅረት በቀር ለውጥ አልነበረውም። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ አንድ ወጣት ይህንን ከፍቶ «የእኛ ሰው ፊልም አይችልም» ብሎ ቢዘጋው በምን እፈርድበታለሁ?

ስለ ሌሎቹ ብዙ አልልም። አንድ የህንድ ፊልም ተራኪው በአማርኛ በላዩ ላይ የሚጮህበት ሆኖ አገኘሁት፤ ከመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ስማቸው ይታያል እንጂ ጨርሶ አይከፈቱም።

ይህን ጊዜ ፍላሹን ራሱን መጠርጠር ጀመርኩ። በእንዲህ ዓይነት ፍላሾች ውስጥ ያለው እውነተኛ ማስቀመጫ ትንሽ ነው፤ የሚቆጣጠረው ክፍል ግን ኮምፒውተሩ ሲጠይቀው «2 ቴራባይት ነኝ» ብሎ እንዲመልስ ተደርጎ ተስተካክሏል። የፋይሎቹ ስምና መጠን የሚመዘገበው ከማስቀመጫው መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ዝርዝሩ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ ከእውነተኛው መጠን ያለፈው ይዘት ግን ወይ የትም አይጻፍም፣ ወይም ቀድሞ የተጻፈውን ይደመስሳል። ለማረጋገጥ ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። ፕሮግራሙ የሚፈትነው ባዶውን ቦታ ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ፤ ከዚያም 100 ጊጋባይት ጽፎ መልሶ እንዲያነብ አዘዝኩት። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ በሦስተኛው ቀን ሲጠናቀቅ፣ በትክክል የተነበበው 58 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ኮምፒውተር የሚቆጥረው መጠን ፍላሽ ላይ ከሚታተመው ትንሽ ስለሚያንስ፣ በእጄ ያለው እንግዲህ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ነው ማለት ነው።

ያሳፈረኝ ግን ማጭበርበሩን ለማወቅ ፕሮግራምም ሆነ ሦስት ቀን የማያስፈልግ መሆኑ ነው። 2 ቴራባይት ማለት 2,000 ጊጋባይት ነው፤ ለ400 ፊልም ሲካፈል ለአንዱ 5 ጊጋባይት ይደርሰዋል። ኔትፍሊክስ እንኳ ለፎርኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት የኢንተርኔት ፍጥነት ነው የሚመክረው፤ በዚያ መጠን የ3 ሰዓት ፊልም 20 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በዲስክ የሚወጣው ፎርኬማ ከዚህም እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ፍላሹ እውነተኛ 2 ቴራባይት ቢሆን ኖሮ እንኳ ሻጩ የተናገረው ጥራት አይገባበትም ነበር። የእኔ «ኦፐንሃይመር» 1.1 ጊጋባይት ሲሆን፣ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ የሥዕሉን ዝርዝር ስመለከት የፎርኬን ልክ፣ 3840 በ2160 ይላል፤ የደበዘዘን ሥዕል ለጥጦ ቁጥሩን ማሳደግ ማንም ይችላልና ቁጥሩ ብቻውን አያሳምናችሁ። የፋይሉን መጠንና የፊልሙን ርዝመት አንድ ላይ እዩ። ከመክፈላችሁ በፊትም ከዝርዝሩ መጨረሻ ሁለት ሦስት ፊልም እናንተ መርጣችሁ፣ መካከላቸውና መጨረሻቸው እዚያው ሱቁ ውስጥ እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩ ራሱ የሚከፍትላችሁ ዘወትር የመጀመሪያውን ነው።

ፍላሹን ይዤ ስመለስ ልጁ በጨዋ አንደበት «አብሽር ጋሼ፣ ሌላ እጭንልዎታለሁ» አለኝ። እኔ የፈለግሁት ገንዘቤን እንጂ ሌላ ጭነት አለመሆኑን ስነግረው ግን «የተጫነ ፍላሽ አይመለስም» ወደሚለው ዞረ። ደረሰኝ አልነበረኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ በሐሰት መጠን የታተመበት ፍላሽ ከዚህ ጋር እንደማይሄድ ግልጽ ነው። ነገር ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተባዛ ፊልም ሻጭም ደረሰኝ አይቆርጥ፣ ገዢም ደፍሮ አይከስ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው፤ እኔም በዚህ በኩል ንጹሕ ነኝ አልልም።

ነገሩን ቡና ላይ፣ በረካው ሲደርስ ለጎረቤቴ ለእትዬ ሳወራ፣ እሳቸውም ከዚያው ሰፈር ያንኑ ፍላሽ ገዝተው የልጃቸውን ሠርግ ቪዲዮ እንዳስቀመጡበትና ስልካቸው ስለሞላ ከስልኩ እንዳጠፉት ነገሩኝ። ከፊልሞቹ በኋላ የተጻፈ ስለሆነ ከሙሽሮቹ መግቢያ በቀር የቀረ የለም። እባካችሁ፣ ይህን ፍላሽ የራሳችሁን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ያስቀመጣችሁበት ካላችሁ፣ አዲስ ነገር አትጻፉበት፣ አታጽዱት፣ ፈተናውንም አታሂዱበት፤ አስቀድማችሁ የሚከፈተውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፤ በስልካችሁ ላይ የቀረውንም በሌላ ቦታ እስክታስቀምጡ ድረስ አታጥፉ።