ሎሚን ያዳነልን የወፍ ሐኪም ቤት

ሎሚ ወፍ ናት። ኮካቲየል የሚባሉት ዓይነት። መላ ሰውነቷ ቢጫ ነው፣ ጉንጮቿ ላይ ብርቱካናማ ክብ አላት። ደስ ሲላት ታፏጫለች፣ ስትደነግጥ ጉትዬዋን ቀጥ ታደርጋለች። ልጄ 9 ዓመት ሲሞላት የገዛንላት ናት፣ ይኸው ሦስት ዓመት አብራን ኖረች። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ባለፈው ጥር ሎሚ ታመመችብንና ሁለት ቦታ ወሰድናት። አንደኛው ቦታ ገንዘብ ተቀብሎ ሸኘን። ሁለተኛው፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ክሊኒክ፣ አዳናት። የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ግን አንደኛውን ሳልነግራችሁ ሁለተኛው ለምን እንዳስደነቀኝ አይገባችሁም።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። እሷ ስትመጣ ቤታችን ይሞቃል። በየቀኑ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንጀራ ይጋገራል። ውጭ በረዶ ስለነበር መስኮት የሚከፍት የለም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጄ "ሎሚ ዛሬ ምንም አላፏጨችም" አለችኝ። ብርዱ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ላባዋን ነፍታ እንደ ኳስ ተድበልብላ አገኘናት። ማታ ደግሞ በተነፈሰች ቁጥር ጅራቷ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ያኔ አላወቅኩም እንጂ የጅራቱ ነገር ወፍ ለመተንፈስ እየታገለች ነው ማለት ነው። ወፍ በሽታዋን ትደብቃለች። ዱር ውስጥ የታመመች መሆኗ ከታወቀ አዳኝ አውሬ ቶሎ ይበላታልና እስከ መጨረሻው ድረስ ደህና መስላ ለመታየት ትጥራለች። ስለዚህ ታማለች ብላችሁ ባያችሁበት ቀን በሽታው ቆይቷል።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ሌሊቱን ክፍት የሆነ የእንስሳት ሆስፒታል ደወልኩ። "ወፍ ታያላችሁ?" ስል "አዎ፣ አምጡ" አሉ። ሁለት ሰዓት ጠበቅን፣ ያውም የሚጮሁ ውሾች መሐል። ልጄ ኮቷን አውልቃ ኬጁን ሸፍናለት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። በመጨረሻ የገባው ሐኪም ትሑት ሰው ነበር፣ በእሱ አልፈርድም፣ ግን በኬጁ ሽቦ በኩል አይቷት "እውነቱን ለመናገር ወፍ ብዙም አላይም" አለን። አልመዘናትም። ውሃዋ ውስጥ የሚበጠበጥ ፀረ ተሕዋስያን ዱቄት ሰጥቶ "እስኪ እንጠብቅ" ብሎ ሸኘን። 180 ዶላር ከፈልን። የታመመች ወፍ ውሃ በደንብ አትጠጣም፣ መድኃኒት የገባበት ውሃ ደግሞ ጣዕሙ ስለሚቀየር ጭራሽ ትተወዋለች፤ ምን ያህል መድኃኒት እንደወሰደች በምን ይታወቃል? ይህን በኋላ ነው የተማርኩት። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ገንዘቡ አይደለም፤ በስልክ "የወፍ ሐኪም የለንም" ቢሉኝ ኖሮ ያ ሌሊት ባልባከነ ነበር።

ጠዋት አሶሲዬሽን ኦፍ ኤቪያን ቬተሪናሪያንስ የተባለው የወፍ ሐኪሞች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በአካባቢያችን ያሉ የወፍ ሐኪሞችን ፈለግኩ። ከቤታችን 40 ደቂቃ የሚርቅ፣ ለወፍና እንደ ጥንቸል፣ ኤሊ፣ እባብ ላሉ እንስሳት ብቻ የሆነ ክሊኒክ አገኘሁ። ስልኩ 14 ደቂቃ አስጠበቀኝ። ያነሳችው ልጅ ግን ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ ጥያቄዋን አከታተለችው። ጅራቷ ይንቀሳቀሳል? አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው? መቆሚያዋ ላይ ናት ወይስ ወለሉ ላይ? ትናንት በልታለች? መልሴን እንደሰማች "አሁኑኑ አምጧት" አለችኝ። ከዚያ ኬጁን አታጽዱት፣ ከሥር ያለውን ወረቀት ከነኩሱ አምጡት፣ የምትበላውንም ይዛችሁ ኑ፣ ውሃው እንዳይደፋባት አውጡት፣ መኪናውን አስቀድማችሁ አሙቁት፣ ኬጁን በፎጣ ሸፍኑት። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። እኔ እኮ ኬጁ ቆሻሻ ነው ብዬ አፍሬ ላጥበው ነበር።

ስንደርስ ውሻ የሚባል የለም። ጸጥ ያለ ክፍል ነው። ሎሚን ወዲያው ወስደው ኦክስጅን ያለበት ሙቅ ሳጥን ውስጥ አስገቧት፣ ሐኪሟም ለ20 ደቂቃ ያህል አልነካቻትም። መተንፈስ ያቃታትን ወፍ በእጅ መያዝ ብቻውን ሊገድላት ይችላል አለችን። መጀመሪያ ትረጋጋ፣ ከዚያ እናያታለን። ሎሚ ኦክስጅን ስትስብ ሐኪሟ ከኛ ጋር ቁጭ ብላ ጥያቄ ጀመረች።

ጥያቄዎቿ ስለ ወፏ ከመሆናቸው ይልቅ ስለ ቤታችን ነበሩ። ቤት ውስጥ የሚያጨስ አለ? የለም አልኩ። ሻማ? የቤት ሽቶ? መጥበሻችሁ ምግብ እንዳይዝ የሚያደርግ ሽፋን አለው? ኬጁ ከወጥ ቤቱ ምን ያህል ይርቃል? እዚህ ላይ ልጄ ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ "አያቴ በየቀኑ ዕጣን ታጨሳለች" አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ቡናው፣ ከሰሉ፣ በርበሬው፣ እንጀራው፣ ያልተከፈተው መስኮት። ኬጁ ያለው ሳሎን፣ ከረከቦቱ ሁለት ሜትር እንኳ አይርቅም።

ሐኪሟ ወረቀት አውጥታ ሥዕል እየሠራች አስረዳችን። የወፍ ሳንባ እንደኛ አይነፋም፣ አይኮማተርም። ከሳንባዋ ጋር የተያያዙ ዘጠኝ የአየር ከረጢቶች አሏት፤ አየር ስትስብም ስታስወጣም ንጹሕ አየር በሳንባዋ ውስጥ ያልፋል። ለመብረር የሚያስፈልጋትን ኦክስጅን የምታገኘው እንዲህ ነው። ችግሩ አየሩ ውስጥ ያለውን ጭስና መርዝም እንደዚያው አሟጣ መውሰዷ ነው። እንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ ይዘው ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው ለዚህ ነው። ሰዉ ሳይሰማው ወፏ ቀድማ ትወድቃለች። ስለ ቴፍሎን፣ ማለትም መጥበሻ ምግብ እንዳይዝ ስለሚቀባው ሽፋን፣ የነገረችን ደግሞ አስደነገጠኝ። ሽፋኑ ከ280 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ ሰው የማያሸተው ጋዝ ይለቃል፣ ወፍን በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ባዶ መጥበሻ እሳት ላይ ተረስቶ ከቆየ እዚያ ሙቀት ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ቡና ስንቆላ ደረቅ መጥበሻ ነው የምናግለው፣ አስቡት።

ይህን ሁሉ ልጄ ለእናቴ ትተረጉምላት ነበር። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "እኔ ነኝ የጎዳኋት" አለች። ሐኪሟ ምን እንዳለች ጠየቀችን። ስንነግራት ወንበሯን ወደ እናቴ አዞረችና "እርስዎ ቤቱን እያሞቁ ነበር። ይህን ማንም አልነገረዎትም። አሁን አወቁ፣ እሷም ገና በሕይወት አለች" አለቻት። ልጄ በአማርኛ ስትደግመው እናቴ እጇን ዘርግታ የሐኪሟን እጅ ያዘች። በዚህች ደቂቃ ነው ክሊኒኩን የወደድኩት። አገራችን ውስጥ ቡና ያለ ዕጣን እንደማይሆን ለፈረንጅ ማስረዳት ከባድ ነው፣ ሐኪሟ ግን ሳትፈርድብን ሰማችን፤ የሚጨሰው ሙጫ ነው ወይ፣ ከሰሉ ቤት ውስጥ ነው ወይ የሚቀጣጠለው ብላ ዝርዝሩን ሁሉ ጽፋ ያዘች።

ምርመራ ከመጀመራቸው በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ ሰጡን፣ ትንሹ ይህን ያህል፣ ትልቁ ይህን ያህል ብለው። የቱ የግድ እንደሆነ፣ የቱ መቆየት እንደሚችል ለየችልን። ሎሚ ስትመዘን 76 ግራም ሆነች፤ ለእሷ ቁመት 90 አካባቢ መሆን ነበረባት። ደም የወሰዱት ጥቂት ጠብታ ነው፣ ከ76 ግራም ወፍ ከ0.7 ሚሊ ሊትር በላይ መውሰድ አይገባም። ራጅ አነሷት። ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲታኮሲስ የሚባል በሽታም መረመሩ። እናቴ 71 ዓመቷ ስለሆነ ይህኛውን እኔው ነኝ ይሠራ ያልኩት፣ ሎሚ ነጻ ሆነች። የተገኘው በጭሱ የተቆጣ የመተንፈሻ አካል ነው። ሌላም ነገር ነበር፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ያበላናት ጥራጥሬና የሱፍ ፍሬ ብቻ ስለነበር ቫይታሚን ኤ አጥሯታል፣ እሱ ሲያጥር የመተንፈሻዋ ውስጠኛ ሽፋን ይበላሻል፣ ጭሱን መቋቋም ያቅታታል። ይህ የኛው ጥፋት ነው፣ ከጭሱ በፊት የጀመረ።

አንድ ሌሊት አደረች። እዚህ አስም ላለባቸው ልጆች በሚሰጠው ዓይነት ኔቡላይዘር፣ መድኃኒቱን ወደ ጉም ቀይሮ በሚያስተነፍስ መሣሪያ፣ መድኃኒት ሰጧት። ሌሊት አብራት ያደረችው ቴክኒሽያን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ፎቶ ላከችልን፤ ሎሚ መቆሚያዋ ላይ ወጥታ ካሮት ትቆረጥማለች። ቤታችን እልል ተባለ።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ምርመራ 145፣ ራጅ 230፣ ላቦራቶሪ 210፣ አዳሩና ኦክስጅኑ 380። በድምሩ 965 ዶላር። ወፏን የገዛናት በ150 ነው። አንድ ዘመዳችን "በዚህ ብር ስድስት ወፍ አትገዙም?" አለን። ልጄ ትምህርት ቤት ስትቀይር፣ ጓደኛ ያልነበራት ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምታወራው ለሎሚ ነበር። ሌላ ወፍ ሎሚ አይደለችም። ግን ብሩ እንደሚከብድ አልክድም፣ በሁለት ወር ነው ከፍለን የጨረስነው። አብዛኛው የእንስሳት ኢንሹራንስ ውሻና ድመት ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ወፍ የሚሸፍነውን አስቀድማችሁ ፈልጉ፣ ከታመመች በኋላ አይሆንም።

የማልወድላቸው ነገር አለ። ስልኩን ነግሬያችኋለሁ። እሑድ ዝግ ናቸው። ለመደበኛ ምርመራ ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠበቅን። መኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው፣ ከባቡርም ሩቅ ነው፣ መኪና ለሌለው ሰው በጣም ያስቸግራል። ያዘዙልንን መድኃኒት በመርፌ አልባ ሲሪንጅ እንዴት እንደምንሰጥ ግን ሦስት ጊዜ አሳይተው፣ እኛም እፊታቸው ሠርተን ካሳየናቸው በኋላ ነው የለቀቁን።

መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ጥንቸል የያዘች ሴት አግኝቼ ነበር። የእሷ ታሪክ ከኔ የባሰ ነው። የቀድሞ ጥንቸሏ የሞተችው ለውሻ የሚሰጥ አሞክሲሲሊን በአፍ ተሰጥቷት ነው። የፔኒሲሊን ቤተሰብ በአፍ ሲሰጥ የጥንቸልንና የጊኒ ፒግን የአንጀት ባክቴሪያ አዛብቶ ሊገድል ይችላል። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፣ ግማሽ ቀን ካልበላች ድንገተኛ ነው። ጊኒ ፒግ ደግሞ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ በራሱ አይሠራም፣ ከምግብ ካላገኘ ይታመማል። ለውሻ ጎበዝ የሆነ ሐኪም ይህን ላያስታውስ ይችላል። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና የተማረ የአጎቴ ልጅ አለ፣ ስደውልለት "እኔ ላም፣ አህያና ዶሮ ጠይቂኝ፣ ኮካቲየል አላውቅም" አለኝ። እንዲህ ቁርጡን የሚናገር ሐኪም ያኑርልን።

አሁን ቡና የምንቆላው በረንዳ ላይ ነው፣ በብረት ምጣድ። ኬጁ ወደ ልጄ ክፍል ገብቷል፣ አየር ማጣሪያ ገዝተንለታል። እናቴ እስክትሄድ ድረስ ዕጣኗን ጋራዥ ውስጥ በሩን ከፍታ፣ ጋቢ ደርባ ታጨስ ነበር። አቮካዶም ለወፍ መርዝ መሆኑን ስትሰማ ደነገጠች፣ ለሰው የሚጠቅም ለሎሚም ይጠቅማል ብላ ልታበላት አስባ ነበርና። ሎሚ አሁን ፔሌት የሚባለውን ተፈጭቶ የተጋገረ የወፍ መኖ፣ ካሮትና ጎመን ትበላለች። ልጄ በየጠዋቱ በወጥ ቤት ሚዛን ትመዝናታለች፣ ከክብደቷ አንድ አሥረኛው ከቀነሰ እንድንደውል ተነግሮናል። ባለፈው ሳምንት 89 ግራም ነበረች።

እናንተም ዛሬውኑ፣ ሳይታመም፣ ሁለት ቦታ ደውሉ። "ወፍ ታያላችሁ?" አትበሉ፣ ሁሉም አዎ ይላል። "ሐኪማችሁ በሳምንት ስንት ወፍ ያያል? ሌሊት ብትታመም የት ትልኩናላችሁ?" በሉ። ለዚህ ክሊኒክ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት በስልኩ ምክንያት ነው።