ለቮልስ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን፦ የትኛው ሞጁል ከየትኛው ኮይል ጋር?

ባለ 12 ቮልቷን አሮጌ ቮልስ ከፑንቲና (ኤሌክትሪኩን እየከፈተና እየዘጋ ብልጭታ ከሚያስነሳው ክፍል) ወደ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ለመቀየር ያሰበ ሰው ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ዲስትሪቢዩተሩን (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ይይ። ክዳኑንና ሮተሩን አንስተው ዘንጉን በጣት ወደ ጎን ይግፉት። በደንብ ከተወዛወዘ ዘንጉን የሚይዘው ቡሽ አልቋል፤ የቱም ሞጁል ቢገባ ታይሚንጉ (ብልጭታው የሚመጣበት ጊዜ) አይረጋም። ከዚያ ጎኑ ላይ የተመታውን ቁጥር ያንብቡ። የቦሽ 0231178009፣ በተለምዶ «009» የሚባለው፣ ቫኪዩም (በሞተሩ የአየር ስበት ታይሚንጉን የሚያስተካክለው) የለውም። ለእሱ የሚሆነው የፐርትሮኒክስ ኢግናይተር 1847ኤ ነው፤ ቫኪዩም ላለው 1847ቪ። ሁለቱ አይለዋወጡም።

ፑንቲናው ይቆይ?

መኪናዋ በሳምንት አንዴ ብቻ የምትወጣ ከሆነ ይቆይ። ርካሽ ነው፣ ሲበላሽም ቀድሞ ምልክት ይሰጣል፤ ሞጁል ግን ብዙ ጊዜ ድንገት ነው የሚያቆመው። የፑንቲና ችግሩ ካሙን የሚነካው ፕላስቲክ እየተበላ 0.4 ሚሊሜትር የነበረው ክፍተት መጥበቡ ነው። ክፍተቱ ሲጠብ ታይሚንጉ ይዘገያል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይደክማል። በየቀኑ ለምትነዳ መኪና ከዚህ መገላገሉ ብቻ የሞጁሉን ዋጋ ያወጣል።

ኢግናይተር 1 ወይስ 2?

ልዩነታቸው ያለው ኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ለካንዴላ የሚያሳድገው) ላይ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ላይ ኢግናይተር 1 ቢያንስ 3 ኦም ያለው ኮይል ይፈልጋል። ሰማያዊው ቦሽ 3 ኦም አካባቢ ስለሆነ ይስማማዋል። ኢግናይተር 2 ግን ለ0.6 ኦም ኮይል የተሠራ ነው። ኮይሉ ደህና ከሆነ 1ኛውን ይግዙ፤ 2ኛው የሚያዋጣው ኮይሉም አብሮ ከተቀየረ ነው።

ኮይሉን ለመለካት ገመዶቹን ነቅለው ቴስተሩን ኮይሉ ላይ 15 እና 1 ቁጥር የተጻፈባቸው ጫፎች ላይ ያስቀምጡ። ቀድመው የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝተው የሚያሳየውን ይቀንሱ፤ 0.3 ኦም ስህተት እዚህ ትልቅ ነው። 14 ቮልት በ3 ኦም ሲካፈል 5 አምፒር አይሞላም፣ በ1.5 ኦም ግን ከ9 ያልፋል። ብዙ ኢግናይተር 1 የሚቃጠለው በዚሁ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ መተውም ያቃጥለዋል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው «40,000 ቮልት» አያጓጓ። ኮይል የሚሰጠው የካንዴላው ክፍተት የጠየቀውን ያህል ነው፤ 0.7 ሚሊሜትር ደግሞ ያን ያህል አይጠይቅም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይማ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚፈለገው ቮልቴጅ ይባስ ያንሳል።

የካንዴላ ገመድ ሲመርጡ ሬዚስታንስ ያለውን ይውሰዱ። ተራ የመዳብ ገመድ የሚረጨው ረብሻ ሞጁሉን ያሳስተዋል።

ሲገጠም

ቀዩ ገመድ ኮይሉ ላይ 15 ቁጥር፣ ጥቁሩ 1 ቁጥር ላይ ይገባል። ከተገላበጡ ሞጁሉ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ኮንደንሰሩ ይወጣል። ከገጠሙ በኋላ ታይሚንጉ እንደ አዲስ ይስተካከል፤ 009 ከሆነ በስትሮብ መብራት፣ ሞተሩ ከ3,000 ዙር በላይ ሲዞር፣ 30 ዲግሪ አካባቢ። የወጣውን ፑንቲና ከነኮንደንሰሩና ከነብሎኑ ዳሽቦርድ ውስጥ ያስቀምጡት፤ መንገድ ላይ ሞጁል ቢሞት በካቻቪቴ ተመልሶ ይገባል።