ከሶፍትዌር ኢንጂነርነት ወደ ፕሮዳክት ማኔጀርነት፦ እዚያው መሥሪያ ቤት ወይስ ሌላ ቦታ?

ፕሮዳክት ማኔጀር ምርቱ ለማን፣ የትኛውን ችግር ለመፍታት እንደሚሠራ የሚወስን ሰው ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ፕሮዳክት ክፍል ካለው፣ እዚያው መዛወሩ ያዋጣል። ምርቱንም ሰዉንም ታውቃላችሁ። ትንሽ ጉዳይ ተረከቡ፤ ለምሳሌ ደንበኞች የክፍያ ገጹ ላይ ሲደርሱ ለምን እንደሚያቋርጡ። ከ5 እስከ 8 ደንበኞች አነጋግሩ፤ ችግሩን፣ የሚቀረውን ሥራና የስኬት መለኪያውን በ1 ገጽ ጽፋችሁ ለአለቃ አሳዩ። ጣጣው የድሮው ኮድ ነው። ሌሊት ሲበላሽ የሚደወለው አሁንም ለእናንተ ነውና ርክክቡ ቀን ይቆረጥለት፤ አለዚያ ሁለት ሥራ በአንድ ደመወዝ ይሆናል።

ሌላ ቦታ ማመልከት ደመወዙን ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ግን ማዕረጉን ያልያዘ ሰው ሲቪ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ማጣሪያ አያልፍም። ቃለ መጠይቅ ላይ ኢንጂነሩን የሚጥለው ችኮላ ነው፦ ስለ አንድ ምርት ሲጠየቅ «ለማን? ለምን አሁን?» ሳይል ዳታቤዝ መንደፍ ይጀምራል።