ልጄን ለመለሰችልኝ ሲስተር፤ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የደብረ ማርቆስና የአካባቢው ወገኖቼ።

ይህን ጽሁፍ ስጀምረው ስተወው ወራት ሆኖኛል። ልጽፍ ስል እንባዬ ይቀድመኛል። ትናንት ግን አንዲት የሰፈራችን እናት ልጇን አዝላ መጥታ «እንቁላል በበላ ቁጥር ከንፈሩ ያብጣል፣ ምች ነው ይሉኛል፣ ያንቺስ ልጅ እንዴት ዳነ?» ስትለኝ ዝም ማለቴ ኃጢአት ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ ከሥሩ ልንገራችሁ። ረዘመ ብላችሁ አትለፉት፣ ልጅ ያላችሁ በተለይ።

ልጄ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው የተጀመረው። ፍልሰታ ነበር። መቼም ፍልሰታ ሲገባ ቤቱ ሁሉ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ቆሎ ነው። ጎረቤት ቡና ተጠርተን ሄድን። ገብሱ ከሱፍና ከለውዝ ጋር የተደባለቀ ቆሎ ቀረበ (ለውዝ የምለው ኦቾሎኒውን ነው)። ከሴቶቹ አንዷ ፍሬውን በጥርሷ አድቅቃ ለልጄ አጎረሰችው። ፍቅር ነው። ቶናው ሳይቀዳ ከንፈሩ አበጠ፣ ሳማ የለበለበው ይመስል ፊቱና አንገቱ በሽፍታ ተሞላ፣ ያስመልሰው ጀመር። «ምች ነው» ተባለ፤ ዳማከሴ ተጨምቆ ተቀባ። «ዓይን ገብቶበት ነው» ያለችም ነበረች። ማታ ላይ ቀለል አለውና ዳማከሴው ያዳነው መሰለን። ጎረቤቶቼን አልወቅስም። የሚያውቁትን ነው ያደረጉልኝ፣ እስከ እኩለ ሌሊትም አብረውኝ አመሹ።

የምወቅሰው ሌላ ነው። ስም አልጠራም፣ ማንንም ማሳጣት አልፈልግም፤ ግን ሆዴ ውስጥ ያለውን ልተንፍሰው።

ከዚያ በኋላ 4 ጊዜ ይዤው ሮጫለሁ። አንዱ ቦታ ጣቱን ወግተው ደም ወሰዱና «ታይፎይድና ታይፈስ ተቀላቅሎበታል» አሉኝ። የ7 ቀን መርፌ ታዘዘ። ልጄ ነጭ ጋውን ባየ ቁጥር መጮህ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሌላው ቦታ «ወስፋት ነው» ተባለና የትል መድኃኒት ተሰጠው። ሦስተኛው ስልኩን እየነካካ፣ አንዴም ቀና ብሎ ልጄን ሳያይ፣ «እናንተ እናቶች ንጽህና ስለማትጠብቁ ነው» አለኝ። ያችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ቤት መጥቼ ልጄን እንደገና አጠብኩት፣ ልብሱን ሁሉ ቀቀልኩ፣ እያለቀስኩ።

አራተኛው «አለርጂ ነው» ሲለኝ ደስ አለኝ። ቢያንስ ስም አገኘ። የምን አለርጂ እንደሆነ ግን አልጠየቀ፣ አልመረመረ። «ወተት፣ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ ቲማቲም አቁሚለት» ብሎ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሸኘኝ። ለስንት ጊዜ እንደሆነ አልነገረኝም። በምን እንዳወቀም አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ወረቀቱን እንደ ቃለ እግዚአብሔር ያዝኩት። የፋሲካ ዕለት ልጆች ሁሉ ዶሮ ሲበሉ የኔ ልጅ ሽሮ ነበር የሚበላው። እንቁላሉን እያየ «እማዬ፣ ለኔስ?» ሲለኝ አንጀቴ ይቆረጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ ለውዝ አልነበረችም። ያቺ አንዷ፣ ዋናዋ፣ አልነበረችም።

ልጁ ከሳ። ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ። ጥር ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ክንዱን በዚያ ባለ ቀለም መለኪያ ለካችው፤ ቀዩ ላይ አረፈ። ቀይ ማለት ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፣ ክፉኛ ተጎድቷል ማለት ነው። «ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ» አለችኝ። እሷንም እግዜር ይስጥልኝ።

እንግዲህ ሲስተርን ያገኘኋት እዚያ ነው።

ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጠውን በፓኬት ያለ ምግብ ታውቁታላችሁ። ብዙ ልጅ ከሞት አፍ አውጥቷል፣ ክፉ አልናገረውም። መጀመሪያ እዚያው ጤና ጣቢያው ውስጥ ይቀምሳል፣ የመብላት ፍላጎት እንዳለው ለማየት። ሲስተር እጁን በሳሙና አስታጠበችው፣ የፓኬቱን ጫፍ ቀደደችና ሰጠችው። ልጄ ሁለቴ ላሰና ፊቱን አዞረ። ምላሱን በጣቱ መፋቅ ጀመረ። እኔ «ብላ የኔ ጌታ፣ ብላ» እያልኩ ወደ አፉ አስጠጋሁት። ካልበላ ይመልሱኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

«ቆይ፣ ቆይ እናቱ፣ አታስገድጂው» አለችና እጄን ያዘችው። አገጩን ቀና አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። እኔ ምንም አላየሁም ነበር። እሷ ግን ከጆሮው ሥር የወጡትን ሁለት ሦስት እብጠቶች አየች። «ከዚህ በፊት ለውዝ በልቶ ያውቃል?» አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት ልጄ ሳለ። ያ ሳል የሰው ሳል አይመስልም፣ ድምፁ ሻከረ፣ ከንፈሩ ጠቆረብኝ። እግሬ ከዳኝ።

ሲስተር አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ካርድ አውጪ አላለችኝም፣ ክፈዪ አላለችኝም። አንድ ቃል ተናግራ ጓደኛዋ መድኃኒቱን ስታመጣ እሷ ልጄን በጀርባው አስተኝታ እግሮቹን በታጠፈ ብርድ ልብስ ከፍ አድርጋ ነበር። ከዚያ ጭኑን፣ ከጎኑ በኩል፣ ወጋችው። አድሬናሊን ይባላል። ስንት እንደሰጠችው፣ ምኑን ከምን እንደቀላቀለች አላውቅም፤ የማውቀው ትንሽ ቆይቶ ልጄ «እማ» ብሎ በራሱ ድምፅ መጥራቱን ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አሁን ይዤው ልሂድ?» ስላት «የትም አትሄጂም፣ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስበት ይችላል» አለችኝ። የሥራ ሰዓቷ አልቆ ሰዎች ሲወጡ እሷ ጋውኗን እንደለበሰች አጠገባችን ወንበር ስባ ተቀመጠች። አሁን የምነግራችሁን ነገር ለመናገር ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። እጄን ይዛ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ ነኝ የሰጠሁት። ውስጡ ለውዝ እንዳለ አውቃለሁ፣ አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ወገኖቼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቱ የኔ ነው ሲሉኝ ከርመው፣ ይቅርታ ያለችኝ ልጄን ያዳነችው ሆና ተገኘች። ምን ብዬ ልመልስላት? ተቃቅፈን አለቀስን።

ያን ማታ ደብተር አውጥታ ወደ ኋላ እየመለሰች ጠየቀችኝ። የዚያን ቀን ምን በላ? ከበላ በስንት ደቂቃ? ማን አጎረሰው? ፍልሰታ፣ ቆሎ። የአክስቱ ሠርግ፣ ከቆሎው ጋር የተቀላቀለ ለውዝ። ካፌ ገብተን የቀመሰው የለውዝ ሻይ። ቆሎ እንደገና። ሁሉም ቦታ ለውዝ! «ምን በላ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። «ወተት ጠጥቶ ታሞ ያውቃል?» አለችኝ። አያውቅም። «እንቁላልስ?» አያውቅም። ወረቀቱን ሳሳያት ምንም አልተናገረችም፣ አጣጥፋ መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲያ ተኝቶ ሲታከም የወተቱን ምግብ በዓይኗ ሥር አስጀመረችው። ምንም አልሆነም። እንቁላሉንም፣ ስንዴውንም አንድ በአንድ። የመጀመሪያውን ቅቅል እንቁላል ሲበላ አስኳሉን ከአገጩ ላይ እየጠረገችለት ትስቅ ነበር።

አስረድታኛለችም። በሽታው አይተላለፍም፣ ከንጽህና ጋር አይገናኝም። ሰውነቱ ለውዝን እንደ ጠላት አይቶ ነው የሚነሣበት። ባለፈው ሽፍታ ብቻ ስለነበር ቀጥሎም ሽፍታ ብቻ ይሆናል ማለት አይደለም። ብትቆላው፣ ብትቀቅለው አይለቅም። ከ5 ልጆች አንዱ ገደማ ሲያድግ ይተወዋል፤ የቀሩት ግን አብረውት ይኖራሉ። ስለዚህ «ዳነ» ለምትሉኝ፣ አለርጂው አሁንም አለ። እኛ ግን እንዴት እንደምንኖር አወቅን። የማሳከክ ሽሮፑ ማሳከኩን እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮን አይከፍትም ብላ ሦስቴ አስደግማኛለች። እናንተም ያዙልኝ፤ ልጅ ትንፋሽ ካጠረው ሽሮፕ እየሰጣችሁ ቤት አትቀመጡ።

ይህ አልበቃትም። ቅዳሜ፣ ዕረፍቷ ቀን፣ ቤቴ መጣች። ቡና ላፍላ ስላት «መጀመሪያ ጓዳሽን አሳዪኝ» አለች። ልጁ አንዳንድ ማታ ምንም ለውዝ ሳይበላ ያሳክከው እንደነበር ነግሬያት ነበርና። ብረት ምጣዱን አየች፣ ወንፊቱን አየች፣ ከዚያ የእንጨት ሙቀጫዬን አንሥታ ጣቷን ወደ ታች ሰድዳ አሸተተች። «እዚህ ምን ትወቅጫለሽ?» ነጭ ሽንኩርት፣ ለወጡ። «ሌላስ?» እህቴ ስትመጣ ለሻይ የምታደርገውን ለውዝ። ደነገጥኩ። እንጨቱ ዘይቱን ጠጥቶ ይይዘዋል፣ እኔ በዚያው ለልጄ ሽንኩርት እወቅጥለታለሁ። ሙቀጫው የእናቴ ነበር፤ ያን ቀን ወጣ፣ አዲስ ተገዛ። ከዚያ ወዲህ የማታ ማሳከኩ ጠፋ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ባለሙያ አላየሁም። አላየሁም!

ከሁሉ የከበደን ጉርሻ ነው። በእኛ አገር ልጅ ሳያጎርሱ ማለፍ ነውር ነው፣ እጅ መመለስም ነውር ነው። ሲስተር እዚህም ላይ አልተወችኝም። እናቴን አስቀምጣ «እማማ፣ የርስዎ ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ግን መጀመሪያ እናቱን ይጠይቁልኝ» አለቻቸው በትሕትና። እናቴ አሁን ማኅበር ላይ እሳቸው ናቸው ጠባቂው። እጃቸውን በሳሙና ሳይታጠቡ ልጁን አይነኩትም፣ ያ የአልኮሉ ማጽጃ ለውዝን እንደማያነሣም ለሰው ሁሉ የሚያስረዱት እሳቸው ናቸው። ጎረቤቶቼም የኛ ተራ ሲሆን ገብስና ሽምብራ ብቻ ይቆላሉ፣ እግዜር ያክብርልኝ።

ለመዋለ ሕፃናቱ የጻፈችልን ወረቀት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ በልጄ አፍ፦ «ለውዝ አይሰጠኝ። ሌላ ልጅ ከምሳ ዕቃው አያካፍለኝ። ከንፈሬ ካበጠና ካሳለኝ አጋድሙኝ፣ አታቁሙኝ፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ አድርሱኝ፣ ከዚያ እማዬን ጥሩልኝ።» የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ስልክም ከሥሩ አለ። ሌሊትም ቢሆን እንዲነሣ ቃል ያስገባችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ስፔሻሊስት እንዲያየውም ሪፈር ጽፋልናለች፤ መንገዱ በተመቸን ጊዜ ሄደን የታየን ሲሆን ሐኪሙ ደብተሯን አንብቦ «ይህን የጻፈችው ማን ናት?» ሲል በኩራት ነው የመለስኩት።

ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽ፣ ዘርሽ ይባረክ። ክፉ አይንካሽ። ወላድ ሁሉ ይመርቅሽ። ልጄ አሁን ሱሪው በቀበቶ ሳይሆን በራሱ ወገብ ቆሞለታል። ክንዱም አረንጓዴው ላይ ነው።

ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች፣ ቃሏን አከብራለሁ። ግን ልጃችሁ በልቶ ካበጠባችሁ፣ ካሳከከው፣ ካስመለሰው፣ ምክንያቱም ካልታወቀላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሆነች እነግራችኋለሁ። ከደምበጫም፣ ከአማኑኤልም፣ ከየትም ሁኑ፣ ኑ። እባካችሁ እንደኔ ሁለት ዓመት አትጠብቁ። በጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ ይበዛባታል። ስትሄዱም ልጁ ከመታመሙ በፊት በነበሩት ሁለት ሰዓታት የበላውንና የጠጣውን ሁሉ፣ ማን እንዳጎረሰው ሳይቀር፣ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ገና ከመቀመጣችሁ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።