ያልጠየቅኩት "ኤስ"፦ ለአሮጌው ኮምፒውተሬ የገዛሁት ፕሮሰሰር ከሰባት ወር በኋላ

ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ የሸጠልኝ ልጅ ይህን ካነበበ ይወቀው፤ አልረሳሁትም። ብር የቆጠርኩለት ለኢንቴል ኮር አይ ሰቨን 3770 ነው። ቤት ገብቼ የድሮውን አይ ስሪ 3220 ነቅዬ፣ አዲሱን ሰክቼ፣ ሙቀት አስተላላፊውን ፔስት ቀብቼ፣ ኬዙን ዘግቼ ሳበራው ስክሪኑ ላይ የወጣው 3770ኤስ ነው። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ እዚያው ሱቅ ቆሜ የስልኬን ባትሪ አብርቼ የፕሮሰሰሩ ክዳን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነበረብኝ። የደረቀ ፔስት ግማሹን ጽሑፍ ሸፍኖት ነበርና "ያው ነው" ሲለኝ አመንኩት።

ያው አይደለም። የ3770 መነሻ ፍጥነት 3.4 ጊጋኸርትዝ ነው፣ ኤስ ያለበት 3.1። በማግስቱ ልመልስ ስሄድ "ወንድሜ፣ አይ ሰቨን አይ ሰቨን ነው" አለኝ። ይሄን ንግግሩን ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ብቻዬን እከራከረዋለሁ። እንደዚያ ከሆነ በፈረንጆቹ 2011 የወጣው 2600ም አይ ሰቨን ነው፣ ለምን በእሱ ዋጋ አልሸጥክልኝም? ይባስ ብሎ "ካልተመቸህ አራተኛ ጄኔሬሽን ልቀይርልህ" አለ። የእኔ ቦርድ የፕሮሰሰር መሰኪያው ሶኬት 1155 ነው፤ የሚቀበለው ሁለተኛና ሦስተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) ብቻ፤ የእኔው ሦስተኛ ነው። አራተኛው 1150 ስለሆነ ቢጫኑት ፒን ያጣምማል እንጂ አይገባም። እሱ ግን ሸጦ ይገላገላል።

ተናድጄ ተውኩት። ሥራ ጠበቀኝ፣ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። አይ ስሪው ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ ክፍል) ነበረው፣ ይሄ አራት ኮር ከስምንት ትሬድ (በአንዴ የሚይዘው የሥራ መስመር) ጋር። ማታ ሬንደር ላይ (የተቆራረጠውን ወደ አንድ ያለቀ ቪዲዮ ሲቀይር) ጥዬው የምተኛው ፋይል አሁን እራት በልቼ ሳልጨርስ ያልቃል። ይሄ የተጠበቀ ነው፣ አላስረዝመውም።

ያልጠበቅኩት ሌላ ነው። ጓደኛዬ የእኔው ዓይነት ጠፍጣፋ ኬዝ ውስጥ ኤስ የሌለውን 3770 አስገብቷል። አንድ ዓይነት ቪዲዮ ሬንደር ስናደርግ የእሱ በጥቂት ደቂቃ ቀደመኝ፤ እሺ። ግን ፋኑ! ወፍጮ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ሰውዬው የኬዙን ክዳን አውልቆ ነው የሚሠራው። የእሱ 77 ዋት ነው፣ የእኔ 65፤ የኤስ ትርጉሙ ይሄው ነው፣ ኃይልም ሙቀትም ይቀንሳል። ሁለታችንም የተጠቀምነው ለ55 ዋቱ አይ ስሪ የተገጠመውን ትንሽ ሂትሲንክ (ማቀዝቀዣ ብረት) ነው። በቱርቦ፣ ማለትም ሥራ ሲበዛ ለጊዜው ፍጥነት ሲጨምሩ፣ ደግሞ ሁለቱም እስከ 3.9 ጊጋኸርትዝ ይደርሳሉ። እኔ ድምፅ የምቀዳው ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል ነው፤ የጓደኛዬን ቢሆን የሙሽሮቹን ታሪክ ከነፋኑ ጩኸት ነበር የምተርከው።

ዊንዶውስ 11ን ተስፋ አድርጎ ይሄን የሚገዛ ካለ ይቅርበት። ማይክሮሶፍት በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን ኢንቴሎች ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። እኔ የሥራውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ነቅዬዋለሁ።

የከፈልኩት የአንድ ሰርግ ቀብድ አይሞላም፤ አልቆጨኝም። ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ለራሱ ሊገዛ ሲል "ኤስ ያለበትን ጠይቅ" አልኩት። የትኛው ሱቅ እንደማይገባም ነግሬዋለሁ።